ፍልሚያ በዋሻ ካርታ ላይ

በዋሻ ውስጥ የሚካሄድ ፍልሚያ ጠረጴዛ ላይ ሲጫወቱት ከሁሉም የሚያጓጓው ሰዓት መሆን ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ የምሽቱ አሰልቺ ክፍል ሆኖ ያልፋል። በር ይከፈታል። ጠላቶቹ ክፍሉ መሃል ቆመው ይጠብቃሉ። ጀግኖቹ በሩ ላይ ይደረደራሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ወገን እስኪያልቅ ዳይስ መወርወር ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ይሄዳል፤ በካርታው ላይ ግን ከቆመበት የተነቃነቀ የለም። ይህን ችግር ለመፍታት ላለፉት ሃምሳ ዓመታት በዓለም ዙሪያ ብዙ ተሞክሯል፤ ብዙም ተጽፏል። የተሞከረውን ስመለከት አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል፦ የዋሻ ፍልሚያ የሚያምረውም የሚበላሸውም ከመጀመሪያው ምት በፊት ነው። ማን የት ቆመ፣ ማን ምን አየ፣ በየት በኩል መዞር ይቻላል የሚለው ካልተጫወተ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ሂሳብ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል። ዓለሙን የሚያውቀው፣ ካርታውን ደብቆ የያዘው፣ በጠላቶቹም ቦታ ሆኖ የሚያስበው እሱ ነው። የቀሩት ሦስት ወይም አራት ሰዎች አንዳንድ ባለታሪክ ይይዙና «በሩን በቀስታ እገፋለሁ»፣ «ችቦውን ከፍ አደርጋለሁ» እያሉ ይናገራሉ። የሚያጠራጥረውን ነገር ዳይስ ይፈርዳል። በተለምዶ የሚጫወቱት ባለ 20 ገጽ ዳይስ ነው፤ ከሱቅ የሚገኘው ባለ 6 ገጽ ብቻ ቢሆንም ግን በሱ የሚሠራ ደንብ ሞልቷል።

የዚህ ሁሉ መነሻ «ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በ1,000 ቅጂ አሳተሙት (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተባለ ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ሁለቱም ቀድሞ የጦር ሜዳ ጨዋታ ወዳጆች ነበሩ። ጋይጋክስ ከጄፍ ፔረን ጋር በ1971 «ቼይንሜል» የተባለ የመካከለኛው ዘመን ውጊያ ደንብ አውጥቶ ነበር። አርነሰን ደግሞ በሚኒሶታ ከጓደኞቹ ጋር «ብላክሙር» በሚሉት ዓለም ሲጫወት፣ ፍልሚያውን ከሜዳ አንስቶ ከአንድ ግንብ ሥር ወዳለ ምድር ቤት አወረደው። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ ሠራዊት ሲሰለፍ ሁሉም ለሁሉም ይታያል፤ ምድር ቤት ውስጥ የሚታየው ችቦ የደረሰበት ብቻ ነው። ከጥጉ ኋላ ያለውን ለማወቅ ሰው መሄድ አለበት። ጨዋታው የተወለደው ከዚህ አለማወቅ ነው። ስለዚህ በር ላይ ተሰልፎ ዳይስ መወርወር ወደ ሜዳው መመለስ ነው፤ ያውም ሜዳው የነበረውን ስልት ሳይዙ።

እኛ ዘንድ ለዚህ ችግር ከረጅም ጊዜ በፊት የተገኘ መልስ አለ፤ እሱም በአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ውስጥ ነው። አፄ ልብነ ድንግል ይጫወቱት እንደነበር ይነገራል፤ በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ቤትም ለዘመናት ሲዘወተር ኖሯል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ታሪኩንና ደንቡን ሰብስቦ አቅርቦታል። ገበታው ጥቁርና ነጭ ካሬ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ነው። ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው ትልቁ ነገር ግን አጀማመሩ ነው። «ወረራ» በሚባለው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደፈጠነ፣ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየተከተለ የራሱን ይቀይራል፤ ፈረሱን ወደ ቀኝ ሲያወጣ ያየ ባላጋራ እግረኞቹን ይዘጋበታል፤ ያኛው ደግሞ ይህን አይቶ ፈረሱን ይመልሳል። ይህ የሚቀጥለው አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ነው። ደም ከፈሰሰ በኋላ ብቻ ነው በተራ መጫወት የሚጀመረው። በዙሪያው የተቀመጠውም ሰው ዝም ብሎ አያይም፤ ይመክራል፤ ይከራከራል።

የዋሻ ፍልሚያ የሚጎድለው ይህ ወረራ ነው። በአብዛኞቹ የዛሬ ደንቦች ጠላት በታየበት ቅጽበት አጫዋቹ «ማን እንደሚቀድም ወርውሩ» ይላል፤ ሁሉም ሰው ያለበት ቦታ ላይ ይረጋል። በዚህ ፈንታ አጫዋቹ ስልኩ ላይ አንድ ደቂቃ ሞልቶ፣ ሁለቱም ወገኖች በሚያዩት ካርታ ክፍል ላይ ያለ ተራ እንዲንቀሳቀሱ ይፍቀድ። ተጫዋቾቹ ባለታሪካቸውን የሚወክለውን ቆርኪ እየገፉ እርስ በርስ ይጯጯሁ፤ አጫዋቹም የጠላቶቹን ያንቀሳቅስ። ቀስት ሲወረወር ወይም አንዱ ጎራዴ ወደሚደርስበት ቦታ ሲገባ ወረራው ያበቃል፤ ተራ የሚያዘው ያኔ ነው። ለአጭር ጊዜ የሚደረግ ነገር ቢሆንም ፍልሚያውን መልክ ያስይዘዋል፤ ምክንያቱም ሰው ራሱ በመረጠው ቦታ ላይ ቆሞ ሲመታ ሽንፈቱም ድሉም የሱ ነው።

ከወረራው በኋላ ማን ይቅደም የሚለው ሌላው የክርክር ርዕስ ነው። በ1981 ቶም ሞልድቬይ ባዘጋጀው የ«ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የጀማሪዎች መጽሐፍ እያንዳንዱ ወገን በየዙሩ አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይወረውራል፤ ያሸነፈው ወገን በሙሉ ይቀድማል። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ይህን ትቶ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቅልጥፍና ላይ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጨምሮ የተራ ዝርዝር እንዲሠራ አደረገ፤ እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ይህ ነው። «ደንጀን ወርልድ» የተባለው የ2012 ጨዋታ ደግሞ ተራ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም፤ ታሪኩ ወደ ማን ካመራ እሱ ይናገራል። በሰፊ ሜዳ ላይ የተናጠል ዝርዝሩ ችግር የለበትም። ጠባብ ዋሻ ውስጥ ግን የወገን ተራ ይሻላል እላለሁ። መተላለፊያው ሁለት ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ የሚያዋጣው መመካከር ነው፤ «አንቺ ጎንበስ በይልኝ፣ እኔ በላይሽ እወረውራለሁ» መባባል የሚቻለው ሁለቱም በአንድ ጊዜ መንቀሳቀስ ሲችሉ ነው። በተናጠል ዝርዝር ጊዜ የኋላው ሰው ተራው እስኪደርስ ስልኩን ይከፍታል። የወገን ተራ አደጋ እንዳለው አይካድም፤ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ቅድሚያ ያገኘ ወገን ሌላውን ጠራርጎ ሊያወጣ ይችላል። ይህ አደጋ ግን ወረራው ላይ ጥግና ከለላ ይዞ ለቆመ ሰው እምብዛም አይደርስም።

ካርታውን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥ ወይስ በቃል ብቻ እንናገር የሚለውም ጥያቄ አለ። በ2008 የወጣው አራተኛው እትም ሁሉን ነገር በካሬ ለካ፤ ያለ ካርታ መጫወት አስቸጋሪ ሆነ። የ2014ቱ አምስተኛ እትም ካሬውን ወደ አማራጭነት መለሰው። «ሰርቲንዝ ኤጅ» በ2013 መሃል መንገድ ያዘ፦ ቅርብ፣ ሩቅና የተጣበቀ ብቻ፤ ሌላ ልኬት የለም። ከነዚህ አንዱን ብቻ መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። ሁለት ጅቦች መንገድ ላይ ሲያጋጥሙ በቃል ይበቃል። አምዶች ያሉበት አዳራሽ፣ ሁለት በርና አንድ ጉድጓድ ያለው ክፍል ግን በቃል ሲነገር ስድስት ሰዎች ስድስት የተለያየ ክፍል ያስባሉ፤ ከዚያ «እኔ እኮ እዚያ አልነበርኩም» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። ለዚህ ዓይነቱ ግራፍ ወረቀት ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት አንድ ካሬ አምስት ጫማ ነው፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል፤ በእኛ ልኬት ሦስት ክንድ ማለት ስለሆነ «ሦስት ክንድ ራቅ ብሎ» ማለት ለጆሮም ይቀላል። ዋናው ጥንቃቄ ካርታውን አስቀድሞ ሙሉ ለሙሉ አለመዘርጋት ነው። ተጫዋቾቹ ያዩትን ያህል ብቻ፣ እያዩት ይሳል። ሙሉው ክፍል ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋ ያ ከ1974 ጀምሮ ጨዋታውን ያቆመው አለማወቅ ይጠፋል።

አሁን ወደ ካርታው ቅርጽ ልምጣ። ከሁሉም በላይ የሚወስነው እሱ ነው ብዬ ስለማምን እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ።

በዚህ ረገድ ትልቁን ሥራ የሠራችው ጄኔል ጄኬይስ ናት። በ1979 የወጣው «ኬቨርንስ ኦፍ ትሬሺያ» የተባለው ሥራዋ ከአንድ በላይ መግቢያ፣ ዞረው የሚገናኙ መተላለፊያዎች፣ ከላይኛው ፎቅ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው የሚያወርዱ ቀዳዳዎች ነበሩት። ከሷ በፊትም ሆነ ከሷ በኋላ የተሳሉ ብዙ ካርታዎች ግን እንደ ዶቃ በክር የተሰካኩ ክፍሎች ናቸው፦ አንደኛው ክፍል፣ በር፣ ሁለተኛው ክፍል፣ በር። በዚህ ዓይነት ካርታ ላይ ስልት የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም፤ መንገዱ አንድ ብቻ ነውና። ዞሮ የሚገናኝ መንገድ ሲኖር ግን ተጫዋቹ ጠላቱን ከኋላ መምጣት ይችላል፤ ጠላትም እንዲሁ። በር ላይ መደርደር የሚያበቃው ያኔ ነው።

አገራችን ለዚህ ትምህርት የሚሆኑ ቅርጾች ሞልተዋታል። ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ የቦረቦረው የሶፍ ዑመር ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መግቢያው አንድ አይደለም፤ መተላለፊያዎቹ ይነጣጠላሉ፣ ይገናኛሉ፣ ወንዙ ራሱ ደጋግሞ ያቋርጣቸዋል። ወንዝ በካርታ ላይ ሲኖር ድምፅን ይውጣል፣ ሰውን ይወስዳል፣ ችቦ ያጠፋል፤ ለአንድ ፍልሚያ ይህ ሁሉ ከአሥር ተጨማሪ ጭራቅ ይበልጣል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ የምትገኘው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለች ስትሆን ዙሪያዋ በተቆፈረ ቦይ ከተራራው ተለይታለች። ያንን ቅርጽ ወደ ካርታ ብትወስዱት መሃል ላይ ሕንፃ፣ ዙሪያውን ከላይ የሚታይ ጠባብ ቦይ ይሆናል፤ ቦዩ ውስጥ ያለ ሰው ወደ ሕንፃው ሲያይ ከበላዩ ያለውን አያይም። ከፍታ ያለው ካርታ ማለት ይህ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ለሚኖር ሰው እንዲያውም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ሰሜን ሲመለከት የሚታዩት የየካ ኮረብታዎች የዋሻ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ይዘዋል። ትውፊቱ ዕድሜውን ወደ ጥንት ይመልሰዋል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ወደ 12ኛው ወይም 13ኛው ክፍለ ዘመን ያደርጉታል። ከቋጥኝ የተፈለፈለ ነው፤ ጣሪያው በከፊል ክፍት ስለሆነ ዝናብም ብርሃንም ይገባዋል። እዚያ የሄደ ሰው አንድ ነገር ማስተዋል አለበት፦ ከላይ የሚመጣው ብርሃን ክፍሉን ሁለት ያደርገዋል። ብርሃኑ ውስጥ የቆመ ጨለማው ውስጥ ያለውን አያየውም፤ ጨለማ ውስጥ ያለው ግን ሁሉን ያያል። በወረቀት ላይ ይህን ለማሳየት በአንድ ክፍል ጣሪያ ላይ ቀዳዳ መሳልና ሥሩን ቢጫ መቀባት ብቻ ይበቃል። ከዚያ ከፍ ብሎ እንጦጦ ላይ ደግሞ ባለ አምስት ማዕዘኑ የድንጋይ ምሽግ ፍርስራሽ አለ፤ 12 ማማዎች እንደነበሩት ተመዝግቧል። አምስት ማዕዘን ያለው ግቢ ለካርታ ሠሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ ከየማዕዘኑ ማማ የሁለት ቅጥር ውጭ ይታያል፣ የሁሉንም የሚያይ ማማ ግን የለም። ስለዚህ አንድ የማዕዘን ጠባቂን ያስተኛ የሁለት ቅጥር ጥበቃ አዳከመ ማለት ነው።

ስለ በር ግን ከመቅደላ የበለጠ የሚያስተምር የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ አምባው ሲወጣ ጠባቡ መንገድ ኮኬት በር ላይ አቆመው። መሐንዲሶቹ በሩ ሥር ደርሰው ባሩዱንም መሰላሉንም ሳይዙ መምጣታቸውን ያወቁት እዚያ ነው። ከበሩ ኋላ ያለው መተላለፊያም በድንጋይ ተደፍኖ ነበር። ያ ሁሉ ጦር፣ ያ ሁሉ ዘመናዊ ጠመንጃ ይዞ፣ በጥቂት ክንድ ስፋት መንገድ ላይ ተደራርቦ ቆመ። ነገሩን የለወጡት ከ33ኛው ሬጅመንት ጥቂት ወታደሮች ናቸው፤ ከበሩ ጎን ባለው ገደል ላይ ተደጋግፈው፣ የእሾህ አጥሩን ጥሰው ከውስጥ በኩል ወረዱ። ከመጀመሪያዎቹ መሃል የነበሩት ከበሮ መቺው ማይክል ማግነርና ወታደሩ ጄምስ በርጊን የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለሙበት። አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ሞትን መረጡ። ይህን ታሪክ እንደ ጨዋታ አልቆጥረውም። ካርታ ለሚሠራ ሰው ግን ሦስት ነገር ያስተምራል፦ ጥሩ በር በጥቂት ሰው ይያዛል፤ መሣሪያ የረሳ ብዛቱ አይጠቅመውም፤ ከበሩ አጠገብ፣ ከባድ ቢሆንም፣ ሌላ መንገድ ይኖራል። አጫዋች በር በሳለ ቁጥር ከጎኑ ያለውን ገደል አብሮ ይሳል።

ካርታው ሕይወት የሚኖረው ጠላት ሲኖርበት ነው፤ ጠላት ሲባል ግን ቆሞ የሚጠብቅ አይደለም። በ1987 ሮጀር ሙር በ«ድራጎን» መጽሔት ቁጥር 127 ላይ «የተከር ኮቦልዶች» ብሎ የጻፈው በአጫዋቾች ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ኮቦልድ በጨዋታው ውስጥ ከደካሞቹ ፍጥረታት አንዱ ነው። ተከር የተባለው አጫዋች ግን ኮቦልዶቹ ቤታቸውን እንዲያውቁ አደረጋቸው። መተላለፊያውን ያቃጥላሉ፤ በግድግዳ ቀዳዳ ይወጋሉ፤ በሩን ከኋላ ይዘጋሉ፤ ፊት ለፊት ፈጽሞ አይቆሙም። ከነሱ ብዙ እጥፍ የሚበረቱ ጀግኖች እየሸሹ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረዱ፤ እዚያ ካሉት ትላልቅ ጭራቆች ጋር መዋጋት ቀለላቸው። ለአጫዋች ከዚህ የሚወሰደው ጠላትን ማበርታት አይደለም፤ ጠላት የሚኖርበትን ክፍል እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው። ከፍተኛ ጉልበት ያለው አንድ ብቸኛ ጭራቅ ለአራት ጀግኖች ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የማይሳካውም ጉልበት ብቻውን ስለማይበቃ ነው፤ በአንድ ዙር አራት ጊዜ ይመታል፣ እሱ የሚመልሰው አንድ ጊዜ ነው።

ሌላው የተረሳ ነገር ወኔ ነው። የ1981ዱ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ጠላት ከ2 እስከ 12 የሚደርስ የወኔ ቁጥር ሰጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ባልደረባቸው ሲወድቅ፣ ከዚያም ግማሾቹ ሲወድቁ አጫዋቹ ሁለት ዳይስ ይወረውራል፤ ውጤቱ ከወኔያቸው ከበለጠ ይሸሻሉ ወይም እጅ ይሰጣሉ። ይህ ደንብ በኋለኞቹ እትሞች ወደ ጥግ ተገፋ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጠላቶች እስከ መጨረሻው ሰው የሚዋጉት፣ ፍልሚያዎችም የማያልቁት። በእኛ አገር ለዚህ ደንብ የሚጨመር አለ። የቀረርቶና የፉከራ ባህላችን ወኔን የሚቀሰቅሰውም የሚሰብረውም በድምፅ ነው፤ ጀግና የሠራውን እየዘረዘረ ይፎክራል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ተራውን ከምት ይልቅ ለፉከራ ቢሰጥ፣ ጠላት ወኔውን እንዲፈትሽ ማስገደድ ይችላል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ይኑረው፦ የሚፎክርበት ነገር ባለፉት ጨዋታዎች በእውነት የሠራው ይሁን። ይህ ቅድመ ሁኔታ ሲኖር ተጫዋቾች የራሳቸውን ታሪክ ማስታወስ ይጀምራሉ፤ ከወር በፊት በዋሻው አፍ የገደሉት ጅብ ዛሬ መሣሪያ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲገናኝ ምን እንደሚመስል አንድ ፍልሚያ ከቅርብ ላሳይ። ቦታው የየካን ኮረብታ የመሰለ፣ በባህር ዛፍ የተሸፈነ ዳገት ውስጥ ያለ ዋሻ ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ ጠባብ መግቢያ፣ ሁለት አምድ ያለው አዳራሽ፣ ከኋላ ትንሽ ዕቃ ቤት። ከዕቃ ቤቱ ወደ ላይ፣ ወደ ኮረብታው ጎን የሚወጣ በደረት የሚሳቡበት ቀዳዳ አለ። ውስጥ ስምንት ሽፍቶች አሉ፤ አምስቱ አዳራሹ ውስጥ እሳት ከበዋል፣ ሦስቱ ዕቃ ቤት ተኝተዋል። ወኔያቸው 7 ነው። ጀግኖቹ አራት ናቸው፦ ባለ ጋሻ፣ ባለ ቀስት፣ ድግምት የሚያውቅ ደብተራ፣ አንዲት ቀጭን አዳኝ።

ተጫዋቾቹ ቀድመው ኮረብታውን ስለዞሩ ቀዳዳውን አግኝተውታል። አዳኟ እዚያ ትገባለች፤ ስትደርስ ሦስት ዙር ይፈጅባታል። የቀሩት መግቢያው ላይ ሲደርሱ አንዱ ሽፍታ ቀና ይላል፤ ወረራው ይጀምራል። ደቂቃው እየሄደ ባለ ጋሻው ወደ ግራው አምድ ይሮጣል፤ ሁለት ሽፍቶች ወደ ቀኙ አምድ ይዛወራሉ፤ ባለ ቀስቱ መግቢያው ላይ ተንበርክኳል፤ ደብተራው ችቦውን መሬት ላይ ጥሎ ረግጦ ያጠፋዋል። አጫዋቹ ይህን አይቶ አንዱ ሽፍታ የወጡን ድስት እሳቱ ላይ እንዲደፋ ያደርጋል። አሁን ማንም ማንንም አያይም። ተጫዋቾቹ ያልጠበቁት ነገር ነው፤ ደብተራው ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን ሊያወጣ ተዘጋጅቶ ነበርና አሁን እሱ ብቻ ሰዓቱን ይመርጣል። ባለ ቀስቱ ድምፅ ወደ ሰማበት ይለቃል። ያ የመጀመሪያው ምት ነው።

ተራ ይያዛል። በመጀመሪያው ዙር ደብተራው ብርሃኑን ያወጣል፤ ከአምዱ ወጥተው የነበሩት ሁለት ሽፍቶች ተጋልጠው ይመታሉ፤ አንዱ ይወድቃል። ወኔ፦ ሁለት ዳይስ፣ 5፤ ይቆማሉ። ጩኸቱ ዕቃ ቤት ያሉትን ቀስቅሷል፤ በሁለተኛው ዙር ጫማቸውን እየፈለጉ ነው። በሦስተኛው አዳኟ ከቀዳዳው ስትወጣ ሦስቱም ጀርባቸውን ሰጥተዋት በር ላይ ናቸው። እዚህ ላይ መምታት ትችል ነበር፤ እሷ ግን ትፎክራለች፣ ባለፈው ሳምንት ወንዙ ላይ ስለጣለችው የሽፍታ አለቃ። ወኔ፦ 9። ከፊታቸው ብርሃን፣ ከኋላቸው ጨለማ ውስጥ የሚፎክር ድምፅ፤ ሦስቱ መሣሪያቸውን ይጥላሉ። አዳራሹ ውስጥ ያሉትም ይከተላሉ። አንድ የሞተ፣ ሰባት የተማረኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ድርድር ነው፤ ማን ላካችሁ፣ ምርኮው የት አለ፣ ሽማግሌ ይግባ። ከወረራው እስከ እጅ መስጠት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ያው ስምንት ሽፍታ አዳራሹ መሃል ተሰልፎ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሰዓት ይወስድ ነበር።

ብርሃንና ጊዜ በዚህ ምሳሌ ውስጥ የሠሩትን ልብ ይሏል። በድሮው ደንብ ዋሻ ውስጥ ጊዜ በአሥር አሥር ደቂቃ ይቆጠራል፤ ችቦ ስድስቱን ያህል፣ ማለትም አንድ ሰዓት ይነዳል፤ በየሃያ ደቂቃው አጫዋቹ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይወረውራል፣ 1 ከወጣ ያልተጠበቀ እንግዳ ይመጣል። በአምስተኛው እትም ብርሃን የሚሰጥ ድግምት በነፃ ስለሚገኝና ግማሹ ፍጥረት በጨለማ ስለሚያይ ይህ ጭንቀት ጠፋ። ኬልሲ ዲዮን በ2023 ያወጣችው «ሻዶውዳርክ» ግን ወደ ሌላ ጫፍ ሄደ፦ ችቦ በእውነተኛ ሰዓት አንድ ሰዓት ይነዳል፤ ተጫዋቾቹ ሲከራከሩም እየነደደ ነው። ይህ ጠቃሚ ሐሳብ ነው፤ አዲስ ለሚጀምር ጠረጴዛ ግን ከባድ ነው፣ ሰው ደንቡን እየጠየቀ ችቦው ያልቅበታል። ጨለማ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ የሚፈልግ አጫዋች ላሊበላ ላይ ከቤተ ገብርኤል ወቅዱስ ሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚያሻግረው ዋሻ ይለፍ። ምዕመናን ያለ ብርሃን ነው የሚያልፉት፤ እጅ ግድግዳውን ይዞ፣ እግር መሬቱን እየመረመረ። አሥር እርምጃ ረጅም ይሆናል። ይህን ያለፈ ሰው ካርታ ላይ «ጨለማ» ብሎ ሲጽፍ ምን እንደጻፈ ያውቀዋል።

ነገር ግን የቅርጽ ትምህርት መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ ቦታውን ራሱን የፍልሚያ ሜዳ ማድረግ ሌላ። የዋሻ ሚካኤልን፣ የላሊበላን፣ የሶፍ ዑመርን ስም ይዞ እዚያ ውስጥ ደም የሚፈስበት ጨዋታ መሥራት አይገባም፤ ሰው የሚጸልይባቸው ቦታዎች ናቸው። በ1931 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችንና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ ፈጅቷል። የዋሻ ውጊያ በዚህ አገር ተረት አይደለም፤ የተረፈ ዘመድ ያለው ነገር ነው። ስሙን ለውጦ፣ ኮረብታውን ፈጥሮ፣ ቦዩንና ብርሃኑን ብቻ መውሰድ ለጨዋታውም ይበጃል፤ ተጫዋች አስቀድሞ የማያውቀው ቦታ ላይ ነው የሚፈራው።

ስለ ዕቃው ብዙ መናገር አያስፈልግም። በኢንተርኔት የሚሠሩት ገበታዎች፣ በ2012 የመጣው «ሮል20» እና በ2020 የወጣው «ፋውንድሪ»፣ ጨለማን በራሳቸው ይሸፍናሉ፤ ወገኖቻችን በተለያየ አገር ሆነው አንድ ላይ ለመጫወት ሲፈልጉ ከነሱ የሚሻል የለም። ሲ.ኤም.ሲ ላይ አንድ ሳሎን ውስጥ ለተሰበሰበ ሰው ግን ግራፍ ደብተር፣ እርሳስና ታክሲ ተራ ላይ ዳማ የሚጫወቱበት ዓይነት ቆርኪ በቂ ነው፤ ጀግኖቹ ፊቱን ያዩ፣ ጠላቶቹ የተገለበጡ። መብራት ቢሄድም ጨዋታው አይቋረጥም። ያልታየውን ክፍል በሌላ ወረቀት ሸፍኖ እየገፉ መግለጥ ከማንኛውም ፕሮግራም ያላነሰ ይሠራል።

ብዙ መጻሕፍት የሚዘሉት የመጨረሻው ጥያቄ ሽሽት ነው። ተጫዋቾች አይሸሹም ይባላል፤ የማይሸሹት ግን ብዙ ጊዜ መሸሽ እንደሚቻል ደንቡም ካርታውም ስላልነገራቸው ነው። በተራ በተራ በሚቆጠር እርምጃ የሸሸ ሁሉ ከኋላው ይመታል፤ ስለዚህ ቆሞ መሞት ይቀላል። አጫዋቹ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ «ከዚህ መውጣት ትችላላችሁ» ብሎ ማስታወስ፣ ሲሸሹም ካሬ መቁጠሩን ትቶ ወደ ማሳደድ መሻገር አለበት። የ1981ዱ መጽሐፍ ለዚህ ቀላል ደንብ አለው፦ የሚሸሽ ሰው ስንቁን ወይም ብሩን መንገድ ላይ ቢጥል፣ የሚያሳድደው ቆሞ የማንሳት ዕድሉ ከስድስት ሦስት ነው፤ አውሬ ለሥጋው፣ ሽፍታ ለብሩ። ጀግኖቹ የጣሉት ኮረጆ ውስጥ ምን እንደነበረ ግን አጫዋቹ ይጻፈው። ካርታቸው እዚያ ውስጥ ከነበረ ሽፍቶቹ አሁን የጀግኖቹን መንደር መንገድ ያውቃሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፍልሚያው ወደነሱ ደጃፍ ይመጣል፤ ወረራውን የሚጀምሩትም ሽፍቶቹ ናቸው።